አያ ሙሄ የላጫት ቃሪያ

ከሐርቡ ተነስቼ ለደሴ ስዳር፣
አራት ችግኝ ነበር፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ከጉልበቴ ዳር።
እኛ ዘንድ ቆላ ነው፤
ቃሪያ እንደ ዛፍ ቆሞ ዓመት ይሻገራል፣
ግንዱ እንጨት እስኪሆን፣ አርጅቶም ያፈራል።
እዚህ ግን ጦሳ አለ።
ኅዳር ሲጋመስ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ደመናው ሲከዳ፣
ውርጭ ከትከሻው ይወርዳል በሌሊት፣ እንዳልጠሩት እንግዳ።

የመጀመሪያው ዓመት ምን አውቄ፣ ማን ነግሮኝ፣
ማታ በለምለሙ ተሰናብቶኝ፣
ጠዋት የተቀቀለ ጎመን መስሎ ቆየኝ።
በሁለተኛው እናቴ ሌላ ላከች፣ በሹፌር እጅ፣ በወተት ጣሳ፤
ያንንም በላብኝ፤ አይጠግብም ጦሳ።

በሦስተኛው ነው አያ ሙሄ፣
የሳላይሽ ፀጉር አስተካካይ፣
በቆርቆሮው አጥር አንገቱን አስግጎ ጓሮዬን ሲያይ ሲያይ፣
«መዲና፣» አለኝ፣ «ይቺ ልጅ ፀጉሯ በዛባት፤
ብርዱ ሳይቀድመን ነይ እንላጫት።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።
መቀሱን አመጣ፣ ያንኑ ሙሽራ የሚከረክምበትን፣
በክብሪት ነበልባል ለበለበው አፉን፣
ጀመረ፤
ቅጠሏን፣ አበባዋን፣ ጥፍር የማያህል ፍሬዋን።
«ይብቃ» ስለው «ገና ነው»፤ «ይብቃ!» ስለው «ዝም በይ»፤
ስንዝር ተኩል ባላ ብቻ ቀረች፣ ሁለት ጣት ወደ ሰማይ።
ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ እውነቱን ልናገር፤
ውርጩስ ያደረገኝ ይሄንኑ አልነበር?

ዙሪያዋን በዶማ ፈልፍለን አወጣናት፣
ሥሯን ከረከምን፣ ግንዷን በሳሙና ውሃ አጠብናት፤
«ፀጉሩ ተላጭቶማ ቅማሉ አይተርፍም» አለ።
አንገቱ በተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ ቂጡን በሚስማር በስተን፣
አዲስ አፈር ሞልተን፣
ከላሟ ጋጥ ጥግ፣ ከትንሿ መስኮት ሥር አኖርናት።
«ትንፋሿን ላሚቱ ታዋጣላት፤
አንቺ ውሃ አታብዢ። በሳምንት አንድ ስኒ፣ ያውም ጎደል ያለ፤
ቅጠል ለሌለው ተክል መጠጫው የት አለ?»

በታኅሣሥ ምንም።
በጥር ምንም።
ባሌ አረቡ ከሱቅ ሲገባ፣ ጋጡ በር ላይ ቆሞ፣
«ይሄን ጭራሮ እስከ መቼ ልትጦሪው ነው ደግሞ?»
ይለኛል። ዝም እላለሁ።
ሰዎች «ደሴን ለመድሽ ወይ?» ሲሉኝ «ለመድኩ» እንደምለው፣
እንደዚያ ያለ ዝምታ ነው።
አንድ ሌሊት ግን በእጅ ባትሪ ገብቼ
ልጧን በጥፍሬ ጫርኩት፣ ትንፋሼን ውጬ፤
ከሥሩ አረንጓዴ። ቀጭን፣ እርጥብ፣ የምስጢር ነገር።
ላሟ አየችኝ። ለሷም አልነገርኳት ነበር።

በልግ ጣሪያውን ሲያንኳኳ፣ በየካቲት ማለቂያ፣
ከደረቀው ባላ መጋጠሚያ
ዐይን ወጣ። አንድ። በነጋታው አራት።
ሚያዝያ ላይ ለመሬት መለስናት።
የጎረቤት ችግኝ በአራት ቅጠል ሲንገዳገድ፣
የኔዋ አሮጌ ሥር ነዋ፣ ያውቀዋል መንገድ።
ሰኔ ሳያልቅ አፈራች። ቆጠርኩ፣ ስልሳ ሁለት ድረስ፣
ከዚያ ዝናብ መጣ፤ ተውኩት ሳልጨርስ።
የመጀመሪያውን እፍኝ ለአያ ሙሄ ይዤ ሄድኩ፤
«የፀጉሯ ሒሳብ» አልኩ።
አንዷን ገመጠና ዐይኑ እንባ ሞላ፤
«የሐርቡ ሴት፣» አለ፣ «አይ የናንተ ቆላ!»

ዘንድሮም ኅዳር ላይ መቀሱን ይዞ መጣ።
እጁ ግን እንቢ አለ፣ ተንቀጠቀጠ፤
አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ መቀሱን ለኔ ሰጠ።
አፉን በክብሪት ለበለብኩ።
ጀመርኩ።
ቅጠሉ ወደቀ፣ አበባው ወደቀ፤
እሱ ከፊቴ ቁጢጥ ብሎ፣ እጁን ከጉልበቱ ሸሽጎ፣ ተጨነቀ፤
«ይብቃት፣ መዲና» አለ።
«ገና ነው» አልኩት።